ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒና የአበርገሌ ዓይን

ከሰቆጣ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የዋግን ደጋ ለቅቆ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲቃረብ አበርገሌ ከተባለው ቆላ አገር ይደርሳል። አገሩ ዝናም የሚያጥረው፣ ግራርና ቁጥቋጦ የሚበዛበት፣ ማሽላ የሚዘራበትና በስሙ የሚጠራው የአበርገሌ ፍየል የሚረባበት ነው። ከፊሉ በዋግ ኽምራ፣ ከፊሉ በትግራይ ስለሚገኝ ኽምጠኛ፣ ትግርኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ላይ ይሰማሉ። ገበያተኛው እንደሚያነጋግረው ሰው ቋንቋውን ይለዋውጣል፤ በኽምጠኛ ሲናገር ግን ዓይኑን የሚጠራው «እል» ብሎ ነው።

ይህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ከማነሷ የተነሣ ማንም ልብ የማይላት ትመስላለች። ነገር ግን የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ጥንታዊ ዝምድና ለመመርመር ለሚነሣ ሰው ከብዙ ረዣዥም ዜና መዋዕሎች የምትበልጥ ምስክር ናት። የአበርገሌን ኽምጠኛ በአገሩ ስም ጠርቶ ራሱን የቻለ ጥናት የጻፈለት ኢጣሊያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ነው። ይህ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ሕግ፣ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋ እጅግ ብዙ ከመጻፉ የተነሣ ስሙን ሳይጠራ በመስኩ ሊሠራ የሚችል ተመራማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ልክ ደግሞ በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የሰጠው ፍርድ የሚያሳዝን ነው። የሰበሰበው ቃልና የሰጠው ፍርድ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ፣ የሰውየውን ሕይወት ከዚህች ቃል ታሪክ ጋር አዛምዶ መመልከት ለሙያው ይበጃል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በደቡብ ኢጣሊያ በምትገኘው በሳሌርኖ ከተማ ሚያዝያ 25 ቀን 1872 ተወለደ። በሮማ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሕግ ሲሆን፣ ለእንጀራው የመረጠው ሥራም የመንግሥት ግምጃ ቤት አገልግሎት ነበር። ልቡ ግን ወደ ሌላ አዘነበለ። በዚያን ጊዜ በሮማ ዩኒቨርሲቲ የሴም ቋንቋዎችን ያስተምር የነበረው ዝነኛው ኢግናሲዮ ጉዊዲ ነበርና፣ ወጣቱ የሕግ ተማሪ ከእርሱ ዘንድ ግዕዝን ተማረ። ጉዊዲ ስለ አማርኛ የነበረው ዕውቀት ከመጻሕፍት ብቻ የተቀዳ አልነበረም። በኋላ በኢየሩሳሌም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መምህር የሆኑት ሊቁ ክፍለ ጊዮርጊስ በሮማ ሳሉ አማርኛውን ያቃኑለት እሳቸው ነበሩ፤ በ1901 የታተመው የጉዊዲ የአማርኛና የኢጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም የእሳቸው ድካም አለበት። ስለዚህ የኮንቲ ሮሲኒ ትምህርት ከሥሩ ሲታይ ከኢትዮጵያዊ ሊቅ ጉባኤ የሚነሣ ፈለግ ነበረው ለማለት ይቻላል።

በ1896 የዐድዋ ጦርነት የኢጣሊያን መንግሥት ሐሳብ ሰበረ። ቅኝ ገዥው ከመረብ ወዲያ ባለው ምድር ተወስኖ እንዲቀመጥ ተገደደ። ከዚህ በኋላ የኤርትራ ገዥ ሆኖ የተሾመው ፈርዲናንዶ ማርቲኒ ጦረኛ ሳይሆን የብዕር ሰው ነበር፤ አገሩንም በጽሕፈት ቤትና በሕግ ለማስተዳደር አሰበ። ለዚህ ሥራ ከመረጣቸው ሰዎች አንዱ የ27 ዓመቱ ኮንቲ ሮሲኒ ነበር። ከ1899 እስከ 1903 ድረስ በኤርትራ የሲቪል ጉዳዮች ዳይሬክተር ሆኖ ሠራ። የርስት ክርክር፣ የአገር ሕግ፣ የነገድ ትውልድ፣ የገዳማት ይዞታ፣ ይህ ሁሉ በሥራው ገበታ ላይ ይቀርብ ነበር። እርሱም የቀረበለትን ጉዳይ ፈጽሞ መዝገቡን ከመዝጋት ይልቅ የነገሩን ሥር መመርመር ጀመረ። የኤርትራን ባሕላዊ ሕግ የሚመለከተው በ1916 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የተወለደው ከዚሁ ቆይታ ነው። በሽመዛና ከሚገኘው ከደብረ ሊባኖስ ገዳም የወርቅ ወንጌል ያወጣቸውን፣ ከዛጉዌ ነገሥታት ዘመን የሚጀምሩ የጉልት ሰነዶችም በ1901 ለዓለም አስታወቀ።

የዛጉዌ ነገሥታት ከአገው ወገን መሆናቸው ይታወቃል። በግዕዝ የጻፉት፣ ዓለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያነጹት፣ መሬት የተከሉት ነገሥታት የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከግዕዝ ወገን ካልሆነ፣ ያ ቋንቋ ምን ዓይነት ነበር የሚለው ጥያቄ ለታሪክ ተመራማሪ የማይቀር ነው። የአገው ቋንቋዎች ደግሞ በዚያን ጊዜ ተራርቀው የተቀመጡ ደሴቶች ይመስሉ ነበር። በከረን ዙሪያ ብሊን፣ በዋግና በአበርገሌ ኽምጠኛ፣ በጎንደር አቅራቢያ ቅማንትኛና የቤተ እስራኤል የቀድሞ ቋንቋ የነበረው ቋርኛ፣ በጎጃም ደግሞ አዊኛ ይነገሩ ነበር። በእነዚህ መካከል ትግርኛና አማርኛ እንደ ውኃ ሞልተዋል።

አውሮፓውያን ስለ ኽምጠኛ ማወቅ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1845 ካሳተማቸው የቃላት ዝርዝሮች ውስጥ የዋግ አገው ይገኝበታል። ከሁሉ የላቀውን ሥራ የሠራው ግን ኦስትሪያዊው ሌዎ ራይኒሽ ነበር። ይህ የገበሬ ልጅ የሆነ የቪየና ፕሮፌሰር በ1882 የብሊንን፣ በ1884 ኻሚር ብሎ የጠራውን የዋግን ቋንቋ፣ ቀጥሎም የቋራን ሰዋስው አከታትሎ አወጣ። የአገው ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውና ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛና ከኦሮሞኛ ጋር በኩሻውያን ቤተሰብ ውስጥ መቆጠራቸው በይበልጥ የጠራው በእርሱ ድካም ነው።

ኮንቲ ሮሲኒ የገባው በዚህ በተጠረገ ጎዳና ነበር። ከኤርትራ በተመለሰ ማግስት፣ በ1904፣ የኢጣሊያ የእስያ ጥናት ማኅበር መጽሔት ስለ አበርገሌ የኻምታ ቋንቋ ያዘጋጀውን ማስታወሻ አወጣለት። በተከታዩ ዓመት በዳንግላ ስለሚነገረው አዊኛ ተመሳሳይ ጥናት አቀረበ። በ1907 የብሊን ተረቶችና ዘፈኖች፣ በ1912 ደግሞ በቪየና የታተመው የቅማንትኛ መጽሐፉ ተከተሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ በስምንት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ያሉትን የአገው ቋንቋዎች በብዕሩ ዳሰሰ። አበርገሌ ከመረብ ወዲህ፣ ከቅኝ ግዛቱ ወሰን ውጭ የነበረ አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ሥራው የአንድ የግምጃ ቤት ሹም ግዴታ አልነበረም። ያደረገው ከዕውቀት ፍቅር የተነሣ ነው፤ ይህንንም ማንም ሊነፍገው አይገባም።

እንግዲህ ወደ ቃሏ እንመለስ። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው «እል»ን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚመጣበት «አለ» ከሚለው ግሥ የሚገኘው «እል ዘንድ»፣ «እል ነበር» የሚለው አነጋገር ይሆናል። ሌላው ደግሞ እልህን ወይም እልልታን ያስብ ይሆናል። ይህ ሁሉ የድምፅ ግጥጥሞሽ እንጂ ዝምድና አይደለም። የሥርወ ቃል ጥናት ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ወንድማማች ናቸው ብሎ የሚፈርድ ሰው ከአንድ ስሕተት ወደ ሌላ ስሕተት ይወድቃል። ዝምድናን የሚያረጋግጠው የድምፁና የትርጉሙ መስማማት ብቻ ሳይሆን፣ ያው መስማማት በሌሎች ቃላትም በሥርዓት ተደጋግሞ መገኘቱ ነው።

በአገው ቋንቋዎች መካከል ይህ ሥርዓት በግልጽ ይታያል። በአበርገሌ «እል» የተባለው ዓይን በአዊኛም «ለ»ው ጠብቆ «እል» ይባላል። ቅማንትኛ በመጀመሪያው ላይ «የ»ን ጨምሮ «ይል» ይላል። ብሊን ደግሞ ቃሉን የሚጀምረው ከጉሮሮ በሚወጣው፣ በግዕዝ በ«ዐ» በሚጻፈው ድምፅ ነው። ደም በኽምጠኛ፣ በብሊንና በቅማንትኛ «ብር» ሲባል በአዊኛ «ብሪ» ነው። እጅ በኽምጠኛም በብሊንም በቅማንትኛም «ናን» ነው። ከከረን እስከ ዳንግላ ያለውን ርቀት፣ በመካከሉም ያለፈውን ዘመን ለሚያስብ ሰው ይህ መስማማት የሚያስደንቅ ነው። ተናጋሪዎቹ ዓመት በዓሉን፣ ጸሎቱን፣ የገበያውን ስምና የሹመቱን ማዕርግ ከጎረቤት ሲወስዱ፣ ዓይናቸውን፣ እጃቸውንና ደማቸውን ግን በአያቶቻቸው ቃል መጥራትን አልተዉም።

የቃሏ ሰዋስውም እንዲሁ ትምህርት አለው። በአገው ቋንቋዎች ስም ሁሉ ተባዕታይ ወይም አንስታይ ጾታ አለው፤ ጾታው ከስሙ መልክ ይልቅ ከስሙ ጋር በሚስማማው ግሥና ቅጽል ላይ ይገለጣል። ባለቤቱ ከንብረቱ ይቀድማል፤ «የፍየሉ ዓይን» እንደሚለው እንደ አማርኛው ማለት ነው፤ «ዐይነ ጠሊ» እንደሚለው እንደ ግዕዙ አይደለም። በአዊኛ ደግሞ ባለቤቱን የሚያመለክተው ምእላድ ራሱ በንብረቱ ጾታና ቁጥር ይለዋወጣል፤ ይህም ማለት የባለቤቱ ስም እንደ ቅጽል ሆኖ ንብረቱን ይመስላል። የስሙን ሙያ፣ ማለት ተሳቢነቱንና መድረሻነቱን የሚናገሩት ምልክቶች በስሙ መጨረሻ ላይ ይቀጠላሉ እንጂ እንደ ግዕዝ መስተዋድድ ከፊት አይቀድሙም። ማሠሪያ አንቀጹ የዐረፍተ ነገሩ መደምደሚያ ነው። ብዙ ቁጥር የሚወጣው ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ላይ ምእላድ በመጨመር፣ የመጨረሻውን ተነባቢ በመድገም፣ አንዳንድ ጊዜም ተነባቢውን በመለወጥ ይወጣል፤ በተለይ ብሊን በዚህ ረገድ እጅግ የተራቀቀ ነው።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብብ የገዛ ቤቱን የሚያይ ይመስለዋል። አማርኛ ቃሉን ከሴም አምጥቶ «ዓይን» ይበል እንጂ፣ ዐረፍተ ነገሩን የሚያዋቅረው ከግዕዝ ይልቅ ለአገው በቀረበ ሥርዓት ነው። ገላጩ ከተገላጩ ይቀድማል፤ ግሡ በመጨረሻ ይመጣል፤ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» የመሰለው በ«አለ» የሚሠራ የግሥ ዓይነት በአገው ቋንቋዎችም የታወቀ ነው። ዶሮንና ዓሣን የመሳሰሉ ቃላትም ከአገው እንደ መጡ ሊቃውንት ይናገራሉ። ስለዚህ የአበርገሌው ቋንቋ ለአማርኛ ባዕድ አይደለም፤ የአማርኛ አጥንት ከተሠራበት አፈር የተገኘ ነው።

ዝምድናው በአገው ብቻ አይወሰንም። በሲዳምኛ፣ በሐድይኛና በከምባትኛ ዓይን «ኢሌ» ይባላል። ቡርጂ «ኢላ»፣ ኮንሶ «ኢልታ» ይላል። በኦሮሞኛ አብዛኛው ሕዝብ «ኢጃ» ቢልም «ኢላ» የሚልም አለ። ሶማልኛ ደግሞ በዚህች ቃል ሰዋስው ላይ የሚገርም ነገር ይዟል። አንዱ ዓይን «ኢል» ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዓይኖች ከዚያ ሥር ሳይሆን ከሌላ ሥር ወጥተው «ኢንዶ» ይባላሉ። አፋርኛ በበኩሉ ያንን ሁለተኛውን ሥር ለነጠላው ወስዶ ዓይንን «ኢንቲ» ይላል። ከዚህ ጥንታዊት የጋራ ቋንቋ ለነጠላውና ለብዙው ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት እንደ ነበሯት፣ ልጆቿም አንዱን ወይም ሌላውን፣ ሶማልኛ ደግሞ ሁለቱንም እንደ ወረሱ መገመት ይቻላል። የአበርገሌው «እል» ከነጠላው ወገን ነው። እግርም በአገው «ልኵ» ወይም ለዚህ የቀረበ ሲሆን፣ በሶማልኛ «ሉግ»፣ በኦሮሞኛ «ሉካ»፣ በአፋርኛ «ላክ» መባሉ የዓይኑን ምስክርነት ያጸናል።

አልፎ ተርፎም ብዙ ሊቃውንት ይህን ሥር ከኩሻውያን ቤት ውጭ ያዩታል። በጥንታዊት ግብፅ ዓይንን የሚያመለክተው የሥዕል ፊደል የሚነበበው «ኢር» ተብሎ ነው፤ የግብፅ ጽሕፈት ደግሞ «ለ»ን ከ«ረ» ለይቶ የሚጽፍበት የራሱ ምልክት አልነበረውም። በሰሜን አፍሪካ በርበሮች ዘንድ አንዱ ዓይን «ቲጥ» ሲሆን ዓይኖች «አለን» ይባላሉ፤ በሶማልኛ በነጠላው የተቀመጠው «ለ» በበርበር በብዙው ውስጥ ተሸሽጎ ተገኘ። የሴም ልጆች ብቻ ሌላ ቃል መርጠው ዕብራይስጡም፣ ዐረብኛውም፣ ግዕዙም «ዐይን» አሉ፤ በዐረብኛና በዕብራይስጥ ምንጭም በዚሁ ስም ይጠራል። «ዐ» የተባለችው ፊደላችን ክብ የሆነችው በጥንቱ ጽሕፈት ዓይንን ስለምትወክል ነው። ኮንቲ ሮሲኒ ይህችን ክብ በደቡብ ዐረብ ድንጋዮች ላይ አሳምሮ ያነብብ ነበር፤ በ1931 ያሳተመው የደቡብ ዐረብ ጽሑፎች ስብስብ እስከ ረጅም ዘመን ድረስ ለተማሪዎች መማሪያ ሆኗል።

ሰውየውን ያሳሳተውም ይኸው ድንጋይ ሳይሆን አልቀረም። ወደ ኢጣሊያ ከተመለሰ በኋላ በግምጃ ቤቱ ሥራ እየተሾመ ሄዶ እስከ ዋና ዳይሬክተርነት ደረሰ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ በሮማ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ታሪክና ቋንቋዎች አስተማረ። በ1928 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ከጥንት እስከ ሰሎሞናዊው መንግሥት መመለስ ያለውን ዘመን የሚያጠቃልል፣ በዕውቀት የከበደ ድርሰት ነው። የመጽሐፉ ምሰሶ ግን አንድ ሐሳብ ነው። ሐበሻትና አግዓዝያን የተባሉ ነገዶች ከየመን ባሕር ተሻግረው መጡ፤ ፊደልን፣ መንግሥትን፣ የድንጋይ ሕንጻንና እርሻን ለአገሬው ሰጡ የሚል ነው። አገው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥፍራ ቢኖረው፣ ሥፍራው የሚቀበል እንጂ የሚሰጥ አይደለም። ይህ ሐሳብ ለሃምሳ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ጭምር ሲነገር ኖሯል።

በሌላም መስክ ይኸው ዝንባሌ ታየበት። በ1920 ባወጣው ጽሑፍ የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ አልጻፈውም፤ የጻፈው በ19ኛው ምእት ዓመት በኢትዮጵያ የኖረው ካፑቺናዊው አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልተዘጋና በሁለቱም ወገን ብርቱ ማስረጃ የሚቀርብበት ስለሆነ፣ በዚህ ብቻ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ከየመን ሐሳብ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንድ ልማድ ይገለጣል፤ በኢትዮጵያ ምድር ከፍ ያለ ነገር በተገኘ ጊዜ ምንጩን ከባሕር ማዶ መፈለግ።

በ1929 ስለ አቢሲንያ በጻፈው መጽሐፍ አገሪቱን የልዩ ልዩ ሕዝቦች ቤተ መዘክር አድርጎ ሣላት፤ ይህም አነጋገር ከመጽሐፎቹ ሁሉ ይልቅ በሰው አፍ ቀረ። ቤተ መዘክር ዕቃዎቹን ለየብቻ አስቀምጦ ስም ይለጥፍባቸዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም። በ1935፣ የፋሺስት መንግሥት ጦሩን በኤርትራ ባከማቸበት ዓመት፣ ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ ግስጋሴ ችሎታ እንደሌላት በርእሱ ሳይቀር የሚያውጅ ጽሑፍ ኑኦቫ አንቶሎጂያ በተባለው መጽሔት አወጣ። አርባ ዓመት ያህል የዚያን ሕዝብ መጻሕፍት ሲያርም፣ ሕጉን ሲያጠና፣ ተረቱን ሲጽፍ የኖረ ሰው ብዕሩን ለወራሪው አዋሰ።

የሆነውም የታወቀ ነው። በኦክቶበር 1935 የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በዲሴምበር ወር በተከዜ በኩል በተሰለፈው በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፔሪት የተባለው የመርዝ ጋዝ ከአየር ወረደ። ይህ መርዝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ሳንባን ያቆስላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚያጠፋው ዓይንን ነው። ከአበርገሌ ጋር በሚዋሰነው በተምቤን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 1936 ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ብርቱ ውጊያ አደረጉ፤ በማርች ወር ሰቆጣ ተያዘች። በ1937 የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሸፍተው ሲዋጉ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ እንዲሆን ታየ። ይህን ሁሉ ኮንቲ ሮሲኒ አዘዘ ማለት አይደለም። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ ያላነበበውን ሕዝብ እርሱ አንብቦት ነበርና፣ ቢናገር የሚሰማ ቃል የነበረው ሊቅ የተናገረው ለወራሪው የሚስማማውን ሆነ።

የሚያሳዝነው ነገር የፍርዱ መልስ በገዛ ማስታወሻው ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው። የአበርገሌው ፍየል ጠባቂ ዓይኑን የሚጠራበት ቃል ከየመን መርከብ አልወረደም። ከሲዳማ እንሰት፣ ከሶማሌ ግመል፣ ከኮንሶ እርከን ጋር አንድ ወላጅ ያለው፣ ምናልባትም ፒራሚድ ከተሠራበት ዘመን በፊት ከግብፅና ከበርበር ጋር የተለያየ ቃል ነው። ቤተ መዘክር በተባለው አገር ውስጥ ለየብቻ ተሰይመው የተቀመጡት ሕዝቦች ዓይናቸውን በአንድ ስም ሲጠሩ ተገኙ። ኮንቲ ሮሲኒ የአገው ቋንቋዎች ከማን ወገን እንደ ሆኑ አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን የቋንቋ ሊቁ ያወቀውን የታሪክ ጸሐፊው አልጠየቀውም። ዕውቀት ሳይጎድል ፍርድ ሊጎድል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሽማግሌነት ዘመኑም ቢሆን ሥራ የበዛበት ነበር። በ1940 የትግርኛን፣ በ1941 የግዕዝን ሰዋስው አሳተመ። በዚሁ በ1941፣ የኢጣሊያ ግዛት በኢትዮጵያ ሲፈርስ፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የሆነውን ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤትዮፒቺን መሠረተ። በ1943 የዛጉዌውን ንጉሥ የነአኵቶ ለአብን ገድል አወጣ፤ የአገው ነገሥታት እስከ መጨረሻው ከአሳቡ አልወጡም ማለት ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1949 በሮማ ዐረፈ። የሰበሰባቸው የግዕዝና የአማርኛ የብራና መጻሕፍት ለሊንቼይ አካዳሚ ቀርተው በስሙ ይጠበቃሉ፤ ስቴፋን ስትሬልቺን በ1976 ካታሎግ አድርጎላቸዋል።

ከሞቱ በኋላ የሐሳቡ ምሰሶ ቀስ በቀስ ተነቃነቀ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሐበሻት ስም በየመን ስለነበረ ነገድ የሚናገር መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ተነሡ። በኢትዮጵያ ያሉት የሴም ቋንቋዎች ልዩ ልዩነት ጥቂት ስደተኞች ዘግይተው በመምጣታቸው ሊገለጥ የማይችል፣ ረጅም ዕድሜን የሚያሳይ መሆኑም ተመለከተ። ቁፋሮውም ከአክሱም በፊት የነበረው ኑሮ ከአገሩ የበቀለ መሠረት እንደ ነበረው አስረዳ። በአገው ቋንቋዎች በኩል ሮበርት ሄትስሮን የአዊኛን ሰዋስውና የአገውን ቋንቋዎች ንጽጽር አቀረበ፤ ዴቪድ አፕልያርድ በ1987 የኽምጠኛን ሰዋስው፣ በ2006 ደግሞ የአገውን ቋንቋዎች የንጽጽር መዝገበ ቃላት አሳተመ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በተራቸው ወደ ሰቆጣ ወርደው ጽፈዋል። እነዚህ ሁሉ የራይኒሽንና የኮንቲ ሮሲኒን ማስታወሻዎች እንደ ደረጃ ተጠቅመዋል፤ በ1904 የተጻፈ ቃል ዛሬ ከሚነገረው ጋር ሲነጻጸር ቋንቋው በአንድ ምእት ዓመት ውስጥ የተጓዘውን መንገድ ያሳያልና።

የ1994 የሕዝብ ቆጠራ ኽምጠኛን የአፍ መፍቻ ያደረጉትን 143,369 አድርጎ መዝግቧል። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ከቆመ ወዲህም ቋንቋው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለመማሪያነት በቅቷል፤ በሊቃውንት ማስታወሻ ብቻ ተወስኖ የነበረው ድምፅ በሕፃናት ደብተር ላይ በግዕዝ ፊደል ሰፍሯል። ቢሆንም ቅማንትኛና ቋርኛ የደረሰባቸውን ያየ ባለሙያ አይዘናጋም። ቋርኛ ዝም ብሏል፤ ቅማንትኛን የሚያውቁ በዕድሜ የገፉ ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ ቋንቋዎች ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር እንደ ኮንቲ ሮሲኒ ያለ ሰው በጊዜው ስለጻፈው የተረፈ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሊቅ ውርስ በአንድ ፊቱ ብቻ ሊመዘን አይችልም። ማስታወሻውን ስለ ፍርዱ ብሎ የሚጥል ሰው የአበርገሌን ሰዎች ድምፅ አብሮ ይጥላል። ፍርዱን ስለ ማስታወሻው ብሎ የሚቀበል ደግሞ ያንኑ ድምፅ ሳይሰማ ይቀራል። ቃሉን የጻፈው እርሱ ነው፤ የተናገረው ግን የአበርገሌ ሰው ነው። የቃላት ዝርዝር የሚከፍት ባለሙያ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከጸሐፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚመልስ ሌላ ሰው እንዳለ ማስታወስ ይገባዋል። ያ ሰው ወደ ዓይኑ እያመለከተ «እል» ሲል፣ ከእርሱ ፊት የተቀመጠው ሊቅ ቃሉን በትክክል ሰምቶ በትክክል ጻፈው፤ የተናገረውን ሰው ግን እንደ ቃሉ አላየውም።